የግራዝማች ዳኛው ሦስት ጠባቂዎች

«ለጎንደር ከተማ ሕዝብ በሙሉ። የከተማው ቡድን ኳስ ለእሑዱ ግጥሚያ የተነፋ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናስታውቃለን።»

ይህ ማስታወቂያ በ1945 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ቁጥርና ማኅተም ተደርጎበት ፒያሳ ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሕዝቡም ቆሞ አነበበ። ማንበብ የማይችለው የሚችለውን ጠየቀ፤ «ኳሱ ተነፋ» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ኳሱን የገዙት ግራዝማች ዳኛው ናቸው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም ነበሩ፤ የመምህራን ዝውውር በእሳቸው ፊርማ ያልፋል። ዕድሜያቸው አርባ ስድስት፣ ከቡድኑ ሁሉ ጫማ ያላቸው እሳቸው ብቻ፤ እሱም ከአሥመራ የመጣ እውነተኛ የኳስ ጫማ ነበር። ኳሱን ስለ ገዙ የመሐል አጥቂ ሆኑ። እንዲህ ይሁን ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። ኳስ እግሩ ሥር የገባለት ሁሉ ቀና ብሎ ግራዝማች የት እንዳሉ ያያል፤ ከዚያ ያቀብላል። ከማቀበሉ በፊት በመጠኑ ጎንበስ የሚልም ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ የገጠምናቸው በረኞች ሁሉ ደመወዛቸው በግራዝማች እጅ የሚያልፍ ስለ ነበር፣ ግራዝማች በየጨዋታው ሁለት ሁለት ጎል ያገቡ ነበር። ጸሐፊያቸው ኃይለ ጊዮርጊስ ጭብጨባውን ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይከተላል። ሲወድቁም ያጨበጭብ ነበር፤ «አወዳደቃቸውን አያችሁ?» እያለ። በሰው አልፈርድም። እኔም የመስመር ዳኛ ነበርሁ፤ ግራዝማች ከባላጋራ በረኛ ጎን ቆመው ሲጫወቱ ኳስ ቢደርሳቸው እንኳ መሐረቤን አንስቼ አላውቅም።

ቡድኑን የሚያሠለጥነው አላምረው የሚባል የሒሳብ መምህር ነው። ዓርብ ዕለት ግራዝማች ቢሮ አስጠርተው፣ «እሑድ የአዘዞን ሾፌሮች ካሸነፍን እዚሁ ነህ። ከተሸነፍን ግን ደባርቅ መምህር ይፈልጋል» አሉት። የአላምረው ሚስት ብርነሽ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ደባርቅ የሚኬደው በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍሮ ነው፤ እናቷም ያለችው ጎንደር ነው።

ማታ ራቱን ሲተወው፣ «ምነው? ምን ሆንህ?» አለችው።

«ኳሱ ተነፋ» አላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ሜዳው ላይ ተሰለፍን። ሾፌር ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሹም አይፈራም። ከእነሱም ሰጠኝ የሚባለው ቁመተ ረጅም፣ የኋላ ተከላካይ ነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ ተበላሸ ሞተር ሲያዳምጠን ቆየ። ከዚያ ነገራችንን አገኘው። ሁለት ጓደኞቹን ጠርቶ ግራዝማችን በሦስት ከበባቸው።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው አንድ ዓይነት ሆነ። የእኛው አማካይ አዘዘ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ሲያገኝ ሁለት ሾፌሮች ይሮጡበታል። አዘዘ ይደነግጣል፣ ቀና ይላል፣ ግራዝማችን ያያል፣ ይልካል። ኳሱ ሦስት ሰው መሐል ይወድቃል። ሰጠኝ «አያ፣ ይቅርታዎን» ይልና ወስዶት ይሄዳል። ግራዝማችም «ምንም አይደል» ይላሉ። በአምስተኛው ይቅርታ ሾፌሮቹ አንድ ጎል አገቡብን።

ጠላ ይዛ የመጣችው ለተ ማርያም ከዳር ሆና፣ «ኧረ እናንተ! ታቦቱ እኮ ገብቷል! ምነው ይህን ሁሉ አጀባ?» አለች። ተመልካቹ ሊስቅ ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ አየ። ኃይለ ጊዮርጊስ ስላልሳቀ ተወው።

በእረፍት ጊዜ አላምረው ቁጢጥ ብሎ በእንጨት አፈር ላይ ሒሳብ ይሠራ ጀመር። ሾፌሮቹ አሥራ አንድ ናቸው። ሦስቱ ግራዝማችን ይጠብቃሉ፣ አንዱ በረኛ ነው፤ ሰባት ቀረ። እኛ ያለ በረኛና ያለ ግራዝማች ዘጠኝ ነን። ዘጠኝ ለሰባት። መልሱ እንዲህ ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው «ያለ ግራዝማች» የምትለዋን ለግራዝማች መንገር ነው። በእግሩ ደመሰሰውና ተነሣ።

«ግራዝማች፣ እርስዎን ክፉኛ ፈርተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ።

«ትልቅ ሰው ወደ ሄደበት አጃቢው መከተሉ አይቀርም። ከዚያ ከወይራው አጠገብ፣ ከማዕዘኑ ዘንድ ቢቆሙልን ሦስቱንም ይዘዋቸው ይሄዳሉ። መሐሉ ይከፈታል።»

ግራዝማች ወይራውን አዩ። ጥላ አለው። «ከዚያስ ኳሱ ወደ እኔ ይመጣል?»

«በመጨረሻ» አለ አላምረው።

ከዚያ አዘዘንና ዲያቆን ውድነህን ወደ ጎን ወሰዳቸው። ውድነህ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፤ ሩጫውን ግን እስከዚያ ቀን የተጠቀመበት ለግራዝማች ኳስ ለማድረስ ብቻ ነበር። «ሁለቱ ሾፌሮች ሳይደርሱባችሁ አጠገብ ላጠገብ ተቀባበሉ» አላቸው። «አዘዘ፣ አንተ ደግሞ ቀና አትበል።»

«ቀና ብልስ?»

«ግራዝማችን ታያለህ።»

ጨዋታው ሲጀመር ግራዝማች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ወይራው ሄዱ፤ ሦስቱ ሾፌሮች ተከተሏቸው። አዘዘ አንገቱን ቀብሮ ለውድነህ ሰጠ፣ ውድነህ መለሰለት፤ የሚሮጡት ሾፌሮች በደረሱ ቁጥር ኳሱ ሄዷል። ማኪና ያመለጠው ሰው ይመስል ዞር ዞር ይሉ ነበር። በአሥረኛው ደቂቃ ውድነህ ከተከፈተው መሐል ሜዳ አንድ አገባ። አንድ ለአንድ።

«የግራዝማች አቋቋም!» አለ ኃይለ ጊዮርጊስና ጭብጨባው ቀለጠ። ግራዝማች ከወይራው ሥር ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ደስታ ለሁሉም ይበቃ ነበር፤ ሰጠኝ ባያስብ።

ሰጠኝ አሰበ። ወደ መሐል ሜዳ አየ፣ ወደ ግራዝማች አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። «እኛ እዚህ ምን እየሠራን ነው?» አላቸው ጓደኞቹን። ከዚያ ባርኔጣ የለውም እንጂ ቢኖረው በሚያነሣ አኳኋን፣ «አያ፣ በደኅና ይቆዩ» ብሎ ሦስቱም ወደ መሐል ሄዱ።

ግራዝማች የሚመለሱ መስሏቸው ጥቂት ጠበቁ። አንድም ሰው አልመጣም። በአምስት ክንድ፣ በአሥር ክንድ፣ በሃያ ክንድ ዙሪያቸው ሣር ብቻ ነበር። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። በኳስ ጨዋታ ጠባቂ የሌለው ሰው ካለ ኳሱ የእሱ ነው፤ ይህን አላምረው ራሱ ነው ያስተማረን። አላምረው ለአዘዘ ሊጮህ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ግራዝማች ይህን አዩ።

እጃቸውን አውርደው ከሜዳው ወጡ፤ እኔና አላምረው ከቆምንበት ዳር መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የጫማቸውን ክር ይፈቱ ጀመር።

«አላምረው።»

«አቤት ጌታዬ።»

«ብቻዬን ቆሜ ነበር። ምነው ስጡት ሳትል ቀረህ?»

እኔ መሐረቤን አጥፌ ዘረጋሁ። አላምረው ወደ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ ተራራ በኩል አየ። «ቢሰጡዎት እንሸነፋለን ብዬ ነው ጌታዬ።»

«ይህን ያወቅኸው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከኅዳር።»

ግራዝማች አንዱን ጫማ አወለቁ፤ ውስጡ የገባውን ጠጠር አራገፉ። «እኔ ከጥቅምት ነው» አሉ።

መሐል ሜዳ ላይ ትርምስ ሆኗል። ሦስቱ ሾፌሮች ስለ ተመለሱ አዘዘ የሚያቀብልበት ቀዳዳ ጠፋው።

«የሚስትህ ቀን መቼ ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ይላሉ።»

«ደባርቅ በየካቲት ይበርዳል» አሉና ሁለተኛውን ጫማ አወለቁ። ስለ አየሩ ብቻ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ቀጥለውም፣ «ታዲያ አሁን ሰው የሌለው የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

አላምረው ሜዳውን አየ። ሰው የሌለው እሳቸው ለቀውት የመጡት ቦታ ነው።

«ውድነህ! ወደ ወይራው!» ብሎ ጮኸ። «አዘዘ፣ ቀና በል! አሁን ቀና በል!»

አዘዘ ፈራ ተባ እያለ ቀና አለ፤ የግራዝማችን ባዶ ቦታ አየ፣ ላከው። ውድነህ ደረሰበት። ከማዕዘኑ ተነሥቶ ወደ በሩ ሰንጥቆ ገባ፤ ከፊቱ በረኛው ብቻ ቀረ፤ ሰጠኝ ከኋላ ሣሩን እየደበደበ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ፣ በሩ ፊት ለፊቱ ተከፍቶ፣ ውድነህ ቆመ። ኳሱን በእግሩ ያዘና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ግራዝማችን በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።

ግራዝማች በባዶ እግራቸው ከድንጋዩ ብድግ አሉ።

«ምን ታየኛለህ አንተ! ምታው እንጂ!»

ውድነህ መታው። ኳሱ በበረኛው እግር ሥር አልፎ ገባ።

ማንም አላጨበጨበም። ሕዝቡ ኃይለ ጊዮርጊስን ያያል፤ ኃይለ ጊዮርጊስ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ግራዝማችን ያያል። ግራዝማች በሁለት እጃቸው አንድ አንድ ጫማ ይዘው ነበር፤ ጫማ በጫማ እያጋጩ ለውድነህ ያጨበጭቡለት ጀመር።