ገበያው ቅዳሜ ነው

ሉሳካ ያለው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሥራውን በሦስት ክፍል አደራጅቶታል፤ እግዜር ይስጠው! አንደኛው ክፍል ይጠይቃል፣ አይወስንም። ሁለተኛው ይወስናል፣ አመልካቹን ግን በዓይኑ ዓይቶት አያውቅም። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ እንዳይገናኙ ይቆጣጠራል።

ንሲሚሬ ከኮንጎ፣ ከቡካቩ ማዶ፣ ከሉሼንዬ መንደር፣ ባሏን ቀብራ ሁለት ልጆቿን ይዛ የመጣች ሴት ናት። እዚህ ቤት ስሟ 4417 ነው። ሁለት ዓመት በር ላይ ቪቱምቡዋ የሚሉትን ቦንቦሊኖ እየጠበሰች ጠብቃ፣ ተራዋ ደርሶ ጠያቂው ምዋፔ ፊት ተቀመጠች። ምዋፔ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉው ወረቀቱ ነው። «የመንደር ማጣሪያ» የሚሉት፣ የስደተኛውን መልስ የሚያመሳክሩበት አንድ ገጽ አላቸው፤ ሉሼንዬን ረግጦ የማያውቅ ሰው የጻፈው።

«እናቴ፣ የመንደራችሁ ገበያ መቼ ነው የሚውለው?»

«ቅዳሜ።»

ምዋፔ ወረቀቱን አየና ፊቱ ጠቆረ። «እስቲ ረጋ ብለው ያስቡት። ማክሰኞ አይደለም?»

«ማክሰኞ ነበር ልጄ። ማክሰኞ ቀን ታጣቂዎች መጥተው ገበያተኛውን ፈጁት፤ ባሌም እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማን ወጥቶ ይገበያል? ወደ ቅዳሜ አዞርነው።»

አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፈው። ከግርጌም «እውነቷን ነው» ብሎ ጨመረበት። ወሳኙ ክፍል ግን በቀን አሥራ ሁለት ፋይል መዝጋት አለበት፤ ግርጌ ድረስ የሚያነብ ሰው ከየት ይምጣ!

በሦስተኛው ወር መልሱ መጣ። «አመልካቿ የገዛ መንደሯን የገበያ ቀን አታውቅም። ቃሏ አይታመንም። አገር ትልቀቅ።»

ይግባኝ አለች። ይግባኙ ተራ ሲጠብቅ የመንደሯ ልጅ ባሃቲ ወረቀት እያውለበለበ ከግቢው ወጣ።

«እትዬ ንሲሚሬ! ተቀበሉኝ! ገበያው መቼ ነው አሉኝ፣ ቅዳሜ አልኩ፣ ልክ ነህ አሉኝ!»

«እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ አቀፈችው፤ ከልቧ ነው ደስ ያላት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና ወረቀቱን ተቀብላ ስታነበው፣ «የአመልካቹ ቃል ከታደሰው የመንደር ማጣሪያ ጋር ይስማማል። ምንጭ፦ ፋይል 4417» ይላል።

ምጣዷን እሳት ላይ ትታ ምዋፔ ዘንድ ገባች። «ይሄ ቁጥር የማነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እናቴ።»

«በኔ ቃል እሱን ካመናችሁት፣ እኔንስ?»

«ቃልዎ ታምኗል» አለ ምዋፔ፣ አፍሮ። «እርስዎን ማመን ግን የሌላ ክፍል ሥራ ነው። ይግባኝዎም… ዛሬ ጠዋት ውድቅ ሆኗል።»

ንሲሚሬ ወረቀቱን አጠፈችው። «ታዲያ መቼ ነው የምትመልሱን?»

ምዋፔ መዝገቡን ገለጠ። ቀኑን አገኘው፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።

«ማክሰኞ» አላት።