ቀዩ ክሬም

ከምግብ ላቦራቶሪው መርማሪዎች መካከል ምግብ ላይ የተጨመረ ቀለም እንደ እሷ የሚያሳድድ አልነበረም። አዲሱ መሣሪያ ከመጣ ወዲህማ ጭራሽ ብሶባታል። መሣሪያው ከእጅ ስልክ አይበልጥም፤ ከምግቡ የተጣራ ጠብታ ጫፉ ላይ በተሰካች ስስ ወረቀት ላይ ስታሳርፍ፣ የተከለከለ ቀለም ካለ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሽቅብ ይነሣል። ናሙናዎቹ የሚመጡላት በቁጥር ብቻ ነው። የማን እንደሆኑ የሚታወቀው ውጤቱ ተፈርሞ ከተላከ በኋላ ነው፤ ደንቡ እንዲህ የሆነው ማንም ለዘመዱ እንዳያዳላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቁጥር ሠላሳ አንድን ለካች፤ ቀይ የኬክ ክሬም ነው። መስመሩ ተነሣ። ደገመች፣ ሠለሰች፤ ያው ነው። ጫማና ሰም ለማቅለም የሚሠራ፣ በቅባት ብቻ የሚሟሟ ቀለም ነበር። «ያዝኩህ፣ አንተ ሌባ!» ብላ ጮኸች፤ ፈርማም ላከች። ደስታዋን ብታዩት ሎተሪ የወጣላት ነበር የምትመስለው።

ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ መዝገቡን ከፍቶ ወደ እሷ ዞረ። «ይሄ የታላቅ እህትሽ ኬክ ቤት አይደለም እንዴ?»

መዝገቡን ከእጁ ነጥቃ አየችው።

ወይ ጣጣ! ቀለሙን «ንጹህ ነው፣ ተጠቀሚበት» ያለቻትኮ ራሷ ናት። ከስምንት ወር በፊት እህቷ «ከቀይ ሥር የተሠራ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ እስቲ እይልኝ» ብላ ዱቄቱን ስታመጣላት፣ ይህቺ አዋቂ ነኝ ባይ ላቦራቶሪ ወስዳ በወጉ መመርመር ሰነፈች። ተማሪ ሳለች የለመደችውን ሠራች፦ ነጭ የሱፍ ክር ከዱቄቱና ከኮምጣጤ ጋር በውኃ ቀቀለች። ሰው ሠራሽ ቀለም ከሆነ ሱፉ ላይ ይጣበቃል፤ ክሩ ግን ነጭ እንደሆነ ወጣ። ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ቀይ ሽፋን አይታው ነበር። አተላ መስሏት በማንኪያ ገፋችው። ውኃ ውስጥ የማይሟሟ ቀለም ክሩን በምን ይንካው? ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀው ነበር።

«ውጤቱን መመለስ ይቻላል?»

«ተልኳልኮ፤ እንዴት ተደርጎ?» አለ ኃላፊው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ሳበላት። «ደግሞስ ትክክል አይደለም እንዴ?»

ትክክል ነው። የገደላትም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኬክ ቤቱ ታሸገ። እህቷ ደወለች። «አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ እኔን ያሽጉኝ? ማነው ይሄን የጻፈ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ልክ አስገባዋለሁ!»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ክሩን፣ ሽፋኑን፣ ስንፍናዋን። አጥንት የሚሰብር ስድብ ጠበቀች። ምነው በሰደበቻት! እህቷ ግን «ሚጣስ?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሚጣ የእህቷ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ። ስምንት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሳህኑ የተረፈውን ክሬም በጣቷ እየጠረገች የምትልሰው እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ላቦራቶሪው በር ላይ ደረሱ። እህቷ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። «ለኪልኝ» አለች።

«እትዬ፣ መሣሪያው ምግብ እንጂ ሰው አይለካም።»

«የበላችው ምግብ አይደለም ወይ? እዚህ ውስጥ ነው ያለው!» የልጅቷን ሆድ በመዳፏ ያዘች።

«ሐኪም ጋ እንውሰዳት።»

«ከዚያው ነው የመጣሁት። አሁን ደህና ናት፣ ወደፊቱን ማን ያውቃል አለኝ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። መቼም አንቺ የማታውቂው የለም።»

ይህን ያለችው ለነገር አልነበረም። እውነቷን ነው፤ ዛሬም አምናት ነው የመጣችው።

«አክስቴ፣ አያምም አይደል?» አለች ሚጣ፤ አፏን ከፍታ ምላሷን ዘረጋች።

ወረቀቷን የልጅቷ ምላስ ላይ ነካ ብታደርግ፣ ምራቅ ምንም ስለማያሳይ መስመሩ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ እህቷም «እሰይ» ብላ ቤቷ ትገባለች። እጇ ወደ መሣሪያው ሄደ። መለሰችው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች። «እኔም አላውቅም።»

እህቷ አንድ ነገር ትጨምር ይሆናል ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ልጅቷ ምላሷን እንዳወጣች ነው።

«አፍሽን ግጠሚ፣ እናቴ» አለች እህቷ ለልጇ። «አለቀ።»