የተላከው ፓምፕ

እስከ ዛሬ «ተልዕኮ» የሚለውን ቃል ስሰማ ተነስቼ እወጣለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። በ1978 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ውስጥ ኩልፎ ምህንድስና ኮሌጅ በሚባል ቦታ የወርክሾፕ ቴክኒሽያን ነበርኩ፤ ሥራዬ ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ ነው። ያን ቃል እስኪያንገፈግፈኝ የጠገብኩት እዚያ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥር፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ነው። የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ጓድ ገነነ ይባላል። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አፌ እምቢ ይለኛል። አሥራ አንዳችንንም ሰብስቦ፣ ትምህርት ክፍሉ እስካሁን የተጻፈ ተልዕኮ የለውም፣ ይህም ያሳፍራል አለን። ከዚያ አምስት ሳምንት ሙሉ ተልዕኮ ስንጽፍ ከረምን። «ሰፊውን ሕዝብ ማገልገል» ይባል ወይስ «ማንቃት»? በዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት ሄደ። አንዱ መምህር ተነስቶ ማገልገል የአሽከር ቃል ነው አለ፤ ሌላው ማንቃት ካልን ሕዝቡ ተኝቷል ማለታችን ነው ብሎ መለሰለት፤ ሁለቱም ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተወሰነ። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ እጄ ላይ የደረቀውን ግሪስ እፍቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሰፊው ሕዝብ ፓምፕ ወርክሾፑ ውስጥ ተበታትኖ ተኝቷል። የመጣው ከላንቴ ወዲያ ካለ አንድ የገበሬ ማህበር ነው፤ ስሙን አልጠራም። ዘንጉ ተበልቶ፣ ኩሽኔታው ላልቶ፣ ከወንዝ ውሃ መሳብ አቁሟል። አዲስ ዘንግ ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ይበቃኛል። ብረቱም አለ፣ ቶርኖውም አለ። ጓድ ገነነ ግን ቶርኖውን አረንጓዴ ቀለም አስቀብቶ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ አንዲት ፍቅፋቂ ብረት እንዳትወድቅበት ብሎ አስጠንቅቆኛል። ለመንኩት። «አንተ የሚታይህ አንድ ፓምፕ ነው፤ እኛ የምናየው አገር ነው» አለኝ።

ፓምፑን የሚከታተሉት የማህበሩ የሴቶች ተጠሪ እማማ ሻሺቱ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው፤ አማርኛውን የለቀሙት ከገበያ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ሙዛቸውን ሸጠው ዳገቱን በባዶ እግራቸው ወጥተው ወደ ኮሌጁ ይመጣሉ።

«ካሱ ልጄ፣ ፓምፑ ዳነች?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

«ሦስት መቶ ሙዝ ተክለናል። አዲስ ችግኝ ነው። ውሃ ካላገኘች ትሞታለች።»

ያኔ አቀረቅራለሁ። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው ብዬ ለመናገር አፍራለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ተልዕኮው ተጽፎ ደጃፉ ላይ ተሰቀለ፤ ቀይ ሰሌዳ፣ ቢጫ ፊደል። እንግዶቹ ሰኞ ይደርሳሉ። ጓድ ገነነ እማማ ሻሺቱን ግቢ ውስጥ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቶሎ እንዲሄዱለት ፈልጓል። ትከሻቸውን አቅፎ ሰሌዳው ሥር አቆማቸው።

«እማማ፣ ከእንግዲህ አይጨነቁ። የእኛ ተልዕኮ ወደ እናንተ ነው።»

«ተልኮ ነው?»

«አዎ፣ ተልዕኮ።»

«ወደ እኛ?»

«ወደ እናንተ ነው እንጂ። ወደ ገበሬው። ሌላ ወዴት ይሆናል?»

ጎንበስ ብለው እጁን ሳሙት። እሱም እጁን ሳይስብ ደስ ብሎት ቆመ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ቃሉን የደገሙት ኃላፊውን ለማክበር መሰለኝ። እንደ ወትሮው ወደ ወርክሾፑ ጎራ ሳይሉ መሄዳቸው ገርሞኛል፤ ግን ምን አገባኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ተከትዬ ባለመጠየቄ ዛሬም ራሴን እጸየፋለሁ።

እንግዶቹ መጡ። ሰሌዳው ተነበበላቸው፣ አጨበጨቡ። አንደኛው ጣቱን በቶርኖው ላይ አሳልፎ አቧራ አለመኖሩን አየና ንጽህናችሁ ያስመሰግናል አለ። የሐይቁን አሣ በልተው ሄዱ። በማግስቱ ዘንጉን ቀረጽኩት፤ እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። ፓምፑን የሚያደርስ ፒክአፕ ለማስፈቀድ ግን ሌላ ሁለት ሳምንት ደጅ ጠናሁ።

በመጨረሻ ጭነን ስንደርስ ማሳው ቢጫ ሆኗል። ከሦስት መቶው ችግኝ ቆሞ ያየሁት አርባ አይሞላም። የማህበሩ ሰዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነበር። እማማ ሻሺቱ ፓምፑን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ከየት አገኛችሁት?»

«ምኑን፣ እማማ?»

«ፓምፑን ነዋ። ዳልጮ ካምባ ገበያ ወስጄ ሸጥኩት ብሏል።»

ዳልጮ ባለ ጋሪ ነው። ከሲቀላ ወደዚያ ሰፈር ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ብቻ ነው። እማማ ሻሺቱ ያን ቅዳሜ አገራቸው ገብተው ፓምፑ ተልኳል ብለው ነበር፤ ኃላፊው በአፉ ነግሯቸዋል። ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ጠበቀ። ፓምፑ ሲጠፋ ዳልጮን ይዘው የማህበሩ ጎተራ ውስጥ ዘጉበት። ምንም አልሰጡኝም ቢል ማን ይስማው? በዘጠነኛው ቀን ሰረቅኩ ብሎ አመነ፤ በጣቱም አስፈረሙት። የካምባ ዳገት ጋሪ አይወጣውም፤ ይህን ግን ማንም አላነሳለትም።

ለማህበሩ ሊቀመንበር ነገሩን አስረዳሁ። ኃላፊው ያለው ተልኮ ሳይሆን ተልዕኮ ነው፣ ፓምፑ አንድም ቀን ከወርክሾፕ አልወጣም አልኩ። ሰውዬው በጥሞና አዳመጠኝ።

«ታዲያ ተልዕኮ ምን ማለት ነው?»

አምስት ሳምንት ስብሰባ ተቀምጬበታለሁ። «ሊሠሩ ያሰቡት ነገር ነው» አልኩት።

«ያልተሠራ?»

«ያልተሠራ።»

እማማ ሻሺቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት ሰዎች ሄደው ዳልጮን ከጎተራው አወጡት። የውስጥ እግሩ በግርፋት አብጦ መርገጥ ስላቃተው ደግፈው አመጡት፤ ፒክአፑ ላይ አስደገፉት። የኮሌጁ ሰው እኔ ብቻ ነኝና መናገር የእኔ ዕዳ ሆነ።

«ዳልጮ ወንድሜ፣ ፓምፑ ይኸው። አልተሰረቀም። ከእኛ ዘንድ አልወጣም ነበር።»

ፓምፑን ብዙ አየው። እጁን ዘርግቶ ብረቱን ነካ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ እኔ ካምባ የሸጥኩት ምንድን ነው?» አለኝ።

እየቀለደ አልነበረም። መልሴን ይጠብቅ ነበር።