የማነቆው ሰው

ውሾቹ ከገደሉ ሥር አንድ ላይ መጮኽ ሲጀምሩ እንዳላማው ሽንቱ መጣ። ከቤት ሲወጣ ሸንቷል፤ ወንዙን ሲሻገር ሸንቷል፤ እዚህ ከቆመ ወዲህም ሁለት ጊዜ ቁጥቋጦ ሥር ደርሶ ተመልሷል። አሁን ግን ጊዜ የለም። አባራሪዎቹ ቆርቆሮ እየደበደቡ ሽቅብ እየመጡ ነው። ከፊታቸው የሚሸሸው ከርከሮ ሁሉ ደግሞ መውጫው አንድ ነው፤ በሁለት አለት መካከል ያለችው፣ ላም ከነቀንዷ የማታልፍባት ጠባብ መንገድ። አገሬው ማነቆ ይላታል። እንዳላማው የተገተረው ከዚያች ማነቆ አፍ ላይ ነው።

"እግርህን ክፈት" አለው አበረ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። በግራው በኩል ወረድ ብሎ ከድንጋይ ጥግ መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል። "እንደ ሙሽራ ገጥመህ አትቁም።"

እንዳላማው እግሩን ከፈተ።

ይህ ሰው በዕድሜው ከፋሲካ በግ በላይ የገደለው ነገር የለም። በጉንም ቢሆን ፊቱን አዙሮ ነው የሚያርደው። አሥራ አራት ዓመት አምበር ከተማ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ኖሮ፣ አማቱ አያ መሳፍንት ባለፈው ጥር ሲሞቱ፣ ሚስቱን ሥራነሽንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ የአማቱን መሬት ሊያርስ ገባ። መሬቱን ሲወርስ ማነቆውንም አብሮ ወረሰ፤ አበረ ቀድሞ ድርሻውን ወስዶ የራሱን ቤት አቁሟልና። በዚያ አገር አደን ሲወጣ ማን የት እንደሚቆም የሚወሰነው በጉብዝና ሳይሆን በቤት ነው። የእነ እገሌ ቤት ቀኝ ክንፍ፣ የእነ እገሌ ቤት ውሻ ጎታች። ማነቆው የመሳፍንት ቤት ነው። አያ መሳፍንት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመው አንድም ከርከሮ አላሳለፉም ይባላል፤ አንድ ሁለት ሳያሳልፉ አልቀሩም፣ ግን የሞተ ሰው ይመረቃል እንጂ አይመረመርም።

ቦታውን የለቀቀ ቤት ግን ወዮለት። ከአደኑ ወጣ ማለት ነው፤ ማሳው ከርከሮ ቢገባበት ጎረቤት ውሻውን ይዞ አይመጣለትም። የእንዳላማው በቆሎ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩሌታውን ከርከሮ አስተኝቶበታል። የቀረው እኩሌታ እስከ ከርሞ አራት ነፍስ የሚበላው ነው። ጠመንጃማ በየቤቱ አለ። ዘንድሮ ግን ተኩስ ከተሰማ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ሳይጣራ ሌላ ጣጣ ስለሚመጣ፣ አደኑ በጦርና በውሻ ብቻ እንዲሆን ተስማምተዋል።

ያስተማረችው ሥራነሽ ናት። አባቷ ሥር ያደገች ስለሆነች ከወንዶቹም የሚያስንቅ እውቀት አላት። ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ገለባ የሞላ ጆንያ በገመድ እየጎተተች ታስሮጥበት ነበር።

"ማነቆ ላይ የቆመ ሰው ጦር አይወረውርም" አለችው። "የዘንጉን ጫፍ መሬት ላይ ተክለህ ተንበርከክ። ከርከሮው ራሱ መጥቶ ይሰካበታል። አንተ አለመልቀቅ ብቻ ነው ሥራህ። ከለቀቅከው በግራ የቆመውን ሰው ነው የሚበላብህ።"

እሺ ብሎ ተንበረከከ። ጆንያው እየተንከባለለ መጥቶ ከነጦሩ ገነደሰው። ትልቋ ልጁ ሂዊ ከአጥሩ ላይ ሆና፣ "አባዬ፣ ጆንያው አሸነፈህ" አለችው። ሥራነሽ ልጅቷን ተቆጣችና ፊቷን ዞር አድርጋ ሳቀች።

አሁን የሚመጣው ግን ጆንያ አይደለም።

መጀመሪያ አንዲት እናት ከነግልገሎቿ ወጣች። ጦሩን ከማቅናቱ በፊት በእግሮቹ መካከልና በጎኑ ሽው ሽው ብለው አለፉ። "ተዋት፣ ትለፍ!" አለው አበረ። ቀጥሎ አንድ ውሻ ከቁጥቋጦው ውስጥ ተወርውሮ ወጣ። በእግሩ አልነበረም የመጣው፤ ሆዱ ከፊት እስከ ኋላ ተተርትሮ አንጀቱን እየጎተተ ከእንዳላማው እግር ሥር ወደቀ። አቃሰተና ዝም አለ። ከውሻው ኋላ ወንዱ ከርከሮ ብቅ አለ።

በኋላ ሲወራ አህያ ያክል ነበር ተባለ። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ወጠጤ ቢያክል ነው፤ ወጠጤ የሚያክል ከርከሮም አይናቅም። ክራንቻው ደም ነክቷል፤ የጀርባው ፀጉር ቆሟል። ቀጥ ብሎ መጣ። እንዳላማው ተንበርከክ የተባለውን አስታውሷል፤ ዘንጉን ትከል የተባለውን አስታውሷል፤ አትወርውር የተባለውንማ እስከ ድምፅዋ አስታውሷል። ወረወረው።

ጦሩ ከርከሮው ታፋ ላይ ተሰካና ዘንጉ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ከርከሮው ጮኾ በራሱ ዙሪያ ዞረ። ከዚያ በኋላ እንዳላማው የሚያውቀው በግራው ካለው ዋንዛ ዛፍ ላይ መሆኑን ብቻ ነው። እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ያ ዋንዛ የመጀመሪያ ቅርንጫፉ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ የአገሩ ወጣት በመሰላል ነው ፍሬውን የሚለቅመው። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ የእንዳላማው እናት ቢያዩት ኖሮ ይመርቁት ነበር።

ከርከሮው አበረን አገኘ።

አበረ መጥረቢያውን አነሣ፤ ግን የማነቆው ሰው ይዞ ያቆይልኛል ብሎ የቆመ ሰው ነውና ዘግይቷል። ከርከሮው በጉልበቶቹ መካከል ገብቶ አንገቱን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ወዘወዘው። ሱሪው እንደ ወረቀት ተቀደደ፤ ጭኑ ከሱሪው ጋር አብሮ ተቀደደ። አበረ በጀርባው ወደቀ። ከርከሮው በላዩ ሆኖ ደጋግሞ ሲመታው የአጥንትና የክራንቻ መጋጨት ዛፉ ላይ ድረስ ይሰማ ነበር። አበረ አልጮኸም። በሁለት እጁ የከርከሮውን ጆሮዎች ጨምድዶ ይዞ፣ እየተጎተተ፣ ቀና ብሎ ተመለከተ። ዓይኑ ከእንዳላማው ዓይን ጋር ተገጣጠመ።

እንዳላማው ዘለለ ማለት ይሻላል ወይስ ወደቀ፣ እሱም አያውቀው። ከርከሮው ጎን ላይ አረፈ። መጥረቢያውን ከመሬት አንሥቶ መታው። ጀርባውን መታው፣ አልሞተም። አንገቱን መታው፣ አልሞተም። የከርከሮው ጩኸት ልክ የሕፃን ልጅ ጩኸት ይመስላል፤ እሱም አብሮ ይጮኻል። ደም ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ እጁ ተንሸራተተ፤ በመጥረቢያው ስለት ይሁን በደንደሱ ሳይለይ አናቱን ቀጠቀጠው። ከሞተ በኋላም ቀጠቀጠው። አባራሪዎቹ ደርሰው ሦስት ሆነው ሲጎትቱት የያዘውን አልለቅም ብሎ አንዱን በክርኑ አፍንጫውን አደማው።

እነሱ ያዩት ይህንን ብቻ ነው። አንድ የተተለተለ ከርከሮ፣ ታፋው ላይ የተሰካ ጦር፣ በላዩ የተቀመጠ ከራሱ እስከ እግሩ ደም የሆነ ሰው።

የአደኑ መሪ አያ ዘመነ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "የመሳፍንት ቤት ባለቤት አግኝቷል" አሉ። አንዱ ፎከረለት።

አበረን በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው፣ ጭኑን በመቀነት ጥፍር አድርገው አስረው ተሸከሙት። እስከ አምበር አስፋልት ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ደሙ ከጋቢው ሥር እየተንጠባጠበ መንገዱን አቀላው። እንዳላማው የቃሬዛውን የፊት እንጨት ይዞ ነበር። አንድ ዳገት ላይ ትከሻ ሊቀያየሩ ሲያሳርፉት አበረ ከንፈሩ ነጥቶ ሳለ እጀ ጠባቡን ያዘው።

"ዛፉን አላየሁም" አለው ቀስ ብሎ።

"አበረ—"

"አላየሁም አልኩህ። እቴ ሥራነሽ ትኮራለች። ተወው።"

ጤና ጣቢያ ደም አቁመው፣ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ላኩት። አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር አሉ። እግሩ ይተርፋል፤ ጉልበቱ መታጠፉ ግን ገና አይታወቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ቀን ለእንዳላማው ከከርከሮው የከበደ ነበር። በሄደበት ከመቀመጫ ይነሡለታል። ወፍጮ ቤት ሲሠራ ስሙን የማያውቁት ሽማግሌዎች አያ እንዳላማው አሉት። ሥራነሽ ምግብ ስታቀርብለት እንደ እንግዳ ነበር፤ ወንድሟን አልቅሳ ሸኝታ፣ እንደገና ደግሞ ባሏ ከርከሮውን በእጁ ገደለው ሲባል አንገቷ ቀና ይላል። ሌሊት ልብሱን ስታጥብ ከሱሪው መቀመጫ ላይ የዋንዛ ቅርፊት አግኝታ ኖሮ፣ ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም። እሱም አልነገራትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተሰበሰቡ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ አያ ዘመነ የሚቀጥለውን አደን አነሡ። ከርከሮዎቹ አላለቁም፤ የማዶውን በቆሎ ጀምረዋል። ሐሙስ እንውጣ ተባለ። ማነቆው ያው የመሳፍንት ቤት ነው፣ ይህስ አይጠየቅም አሉ፤ የሚጠየቀው በአበረ ፈንታ በግራ የሚቆመው ሰው ነው።

ኃይለ ሚካኤል ተነሣ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከወለደች አርባ ቀን ሊሞላት ነው፤ ለክርስትናው ጠላ ተጠንስሷል።

"እኔ እቆማለሁ" አለ። "ከአያ እንዳላማው ጎንማ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ።"

ሰዉ ሳቀ። አያ ዘመነ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አልቆ ወደ ሌላው ሊያልፉ ነበር።

"ዓይንህን አትጨፍን" አለ እንዳላማው።

ድምፁ ቀጭን ነበረ። ስለዚህ ደገመው፤ ከዚያም ቆመ። ጣሳው በእጁ ነው። በሴቶቹ በኩል ሥራነሽ ጆግ ይዛ ጠላ ትቀዳለች።

"ጦሩን ወረወርኩት" አለ። "ወርውሬ ዋንዛው ላይ ወጣሁ። አበረ የተወጋው እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ ነው።"

አንድ ሰው ከኋላ የሳቅ ነገር አመለጠው፤ ሌላው በክርኑ ጎሰመው። አያ ዘመነ ወጣቶቹን አንድ ጊዜ ገላምጠው ወደ እንዳላማው ዞሩ።

"ኋላ ወርደህ ገድለኸው የለም?" አሉት። መውጫ እየሰጡት ነበር።

"ወርጃለሁ፣ አያ። የወረድኩት ግን እሱ ከተቀደደ በኋላ ነው። ሐሙስም ይኸው ነው የሚሆነው። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሲመጣ እወረውራለሁ።"

"ይህን ካልክ ማነቆው ከመሳፍንት ቤት ይወጣል። ይገባሃል? ማሳህስ?"

"ይገባኛል። ማነቆውን ለአንሙት ስጡት።" አንሙት ያን ቦታ አሥር ዓመት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ሲሰጠው መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። "እኔን ከአባራሪዎቹ ጋር አድርጉኝ። ከአደኑ አልወጣሁም፤ ቦታ ነው የቀየርኩት። ማሳዬን ለመጠበቅ ውሻ ይዞ የማይመጣ ካለ አሁን ይንገረኝ።"

የተናገረ የለም። እንዳላማው ጣሳውን እንደያዘ ከሽማግሌዎቹ መካከል ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ አባራሪዎቹ ወደተቀመጡበት ወደ ታችኛው መደብ ሄደ። አብዛኞቹ ጢም ያላወጡ ናቸው። አፍንጫው ያበጠው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ተቀመጠ።

"የሚደበደብ ቆርቆሮ ግን የለኝም" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ሥራነሽ ጆጉን ከግማሽ ጣሳ ላይ አጋድላ እንደያዘች ቀርታ ነበር። ቀድታ ጨረሰች። ወደሱ አልዞረችም።

"የበር ጥጉን ማድጋ የቆርቆሮ ክዳን ውሰድ" አለችው። "እሱ ነው ደኅና የሚጮኸው።"