ቦታ

አገርነሽን በሠርጓ ዋዜማ ሶዶ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ያስቀመጣት ባጃጅ ነው። ጉድጓድ ሲገባ ከብረቱ ጋር አላተማትና የፊት ጥርሷን ሸረፈው። መቼም ባጃጅ ቀን አይመርጥም።

እሷን ያስጨነቃት ግን ስብራቱ አልነበረም። የሁምቦ ልጅ ናት፤ በዚያ የጉድጓድ ውሃ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው፣ የእሷም የአባቷም። ለሽምግልና ከመጡት የሙሽራው ዘመዶች አንዱ «ልጅቷን ወስደን ጥርሷን እናስነጣለን» ብሎ ቀልዶ ነበር። ሁሉም ሳቀ። አባቷ አቶ ጦና ግን ከዚያ ወዲህ ሲያወሩ አፋቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። ዛሬም አብረዋት መጥተው በር ላይ «እንግዲህ አስነጥተሽ ትወጫለሽ» አሏት፤ ቀልድ ሊያስመስሉት ፈልገው ድምፃቸው እምቢ አላቸው። ነጭ ጥርስ ይዛ ብትወጣ አባቷ አፈረችብኝ እንደሚሉ ታውቃለች።

ዶክተር አምባቸው ከደሴ ከመጣ ገና ነው። አፏን በጥጥ ሞልቶ ከቀለም ናሙናዎቹ መሃል ወተት የመሰለውን መዘዘ። ሙሽራ ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች ብሎ! አገርነሽ ክው አለች። አማርኛው ጠፋባትና በወላይትኛ «ቦታ! ቦታ!» ብላ ጮኸች፤ ነጭ ነው እኮ ማለቷ ነው።

«አይዞሽ እህቴ፣ ቦታውን አልስተውም።»

እጁን ልትይዝ ስትል «እንዳትነቃነቂ!» አለና ነጩን ሙሌት ስብራቱ ላይ ለጥፎ የሚያደርቀውን ሰማያዊ መብራት አበራ። እንባዋ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

ነርሷ ሣራ ስትገባ አገርነሽ አሁንም «ቦታ» ትላለች።

«ዶክተር፣ ነጭ ሆነብኝ እያለችህ ነው እኮ!»

«ቦታ አይደል የምትለው?»

«በእኛ ቋንቋ ቦታ ነጭ ነው!»

የዶክተሩ ፊት በርበሬ መሰለ። «ላንሳው?» አላት። አገርነሽ አንገቷ እስኪቀጭ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ፋቀው። ጥጡን አወጣና ጥርሷን በውሃ አርጥቦ መስኮቱ ጋ ወሰዳት። «ጥርስ ሲደርቅ ነጥቶ ያታልላል፤ ቀድሜ ማየት ነበረብኝ» አለ። ከዚያ ቡናማውን ቀለም ጠብ እያደረገ፣ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር እያስተያየ፣ ከነነቁጡ ሠራው። የእሷም ልብ ከእጁ ጋር ነበር።

ስትወጣ አቶ ጦና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ተነሡ። ፈገግ አለችላቸው። ጎንበስ ብለው ፈለጉ፤ ደግመው ፈለጉ።

«የቱ ነው?»

«እኔም ጠፋኝ፣ አባዬ።»

አቶ ጦና ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ መሃል ጋቢያቸውን ለቀው ከት ብለው ሳቁ፤ ቡናማው ጥርሳቸው አንድ ሳይቀር ታየ።