የአገኘሽ ሻይ

አገኘሽ ክፋት የላትም፤ ሰው የምትጎዳው በርኅራኄዋ ነው። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ባለው የሰሊጥ እርሻ ለአጫጆች የምታበስለው እሷ ናት። ታናሽ ወንድሟ ትሁን ደግሞ እዚያው ያጭዳል። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ከዘገዩበት ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ካቦው፣ የአጫጆቹ አለቃ፣ ድካም እንዳይሰማቸው ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያድላል። ካቦውንስ ተዉት፣ እሱ የሚታየው ሰሊጡ ብቻ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ክኒኑ ትሁንን አልለቅ አለው። ሳይውጥ ከዋለ ያንቀጠቅጠዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ሆዱ አልረጋ ይለዋል።

"በቃኝ እታለም፣ ሰው ልሁን" አላት አንድ ቀን።

ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ ሠላማዊት አዳመጠችውና፣ "ከምላስ ሥር የሚሟሟ፣ ሱሱን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ" አለችው። "ግን ትራማዶሉ ከሰውነትህ ሳይወጣ ከወሰድከው ሕመሙን ያባብሰዋል። ምንም ሳትውጥ፣ እየተንቀጠቀጥክ ነገ ና።"

አልጋ ተከራይተው አደሩ። ሲነጋ ትሁን በላብ ተጠምቆ ጥርሱ ይንገጫገጫል። የአገኘሽ አንጀት አልቻለም። እስከ ክሊኒኩ ድረስ እንዴት አድርጎ ይሄዳል ብላ፣ ካቦው ሰጥቷት በነጠላዋ ጫፍ ከቋጠረቻቸው ክኒኖች አንዱን ፈጭታ ሻዩ ውስጥ ጨመረችለት። እንዳይመረውም ስኳሩን አበዛችው። ለእሱ ግን አልነገረችውም።

ክሊኒክ ሲደርሱ ላቡ ገና አልደረቀም። ነርሷ "ምንም አልወሰድክም?" ስትለው "ምንም" አለ፤ እውነቱን ነበር። መድኃኒቱን ሰጠችው። ብዙም ሳይቆይ ወለሉ ላይ ወድቆ ይጥመለመል፣ ያስመልሰው ጀመር።

"ዋሽተኸኛል" አለች ሠላማዊት፣ ጭንቅላቱን ደግፋ። "ከዋሸኸኝ ደግሜ እንዴት እሰጥሃለሁ?"

"አልዋሸሁም ሲስተር" እያለ ትሁን አለቀሰ።

አገኘሽ ዝም ብትል ወንድሟ ውሸታም ተብሎ መድኃኒቱም ሊቀርበት ነው። "እሱ አልዋሸም" አለች። "በሻይ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሲሰቃይ ማየት አቃተኝ።"

ነርሷ አልተቆጣችም። "ይሄኛው ይለፍለት። ነገ ደግመን እንሞክራለን" አለች።

ትሁን ሲረጋጋ እጇን ያዘ። "እታለም፣ ነገ ስንቀጠቀጥ ዝም ብለሽ እዪኝ። ትችያለሽ?"

"እችላለሁ" አለችው፤ እንዴት እንደምትችል ግን አታውቅም።

በማግስቱ ትሁን ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ ተንቀጠቀጠ። "እታለም፣ አንድ ብቻ፣ ሞትኩልሽ" እያለ ለመናት። ካቦው የሰጣት ሌላ ክኒን አሁንም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። አገኘሽ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከትታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ነርሷ በሩን እስክትከፍት ድረስ ተቀመጠችባቸው።