የሻምበል ሀብተወልድ እኩያ

ዮሴፍ በሐረር ከተማ ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት የስፖርት ዜና ያቀርባል። የእንግሊዝን እግር ኳስ አውርቶ ሲያበቃ የምትተርፈውን ጥቂት ደቂቃ ለጎልፍ ይሰጣል። አጀማመሩ እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን ዜና አጥሮት ከኢንተርኔት ያገኘውን የጎልፍ ወሬ ጣል ቢያደርግ፣ ገና ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ‹ጉድጓዱን ሳተ› ብለህ አለፍክ» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ። «ነፋሱስ? ነፋሱን ሳትነግረኝ በሰውዬው ላይ እንዴት እፈርዳለሁ?»

ሻምበል ሀብተወልድ ነበሩ። በጎረምሳነታቸው አሥመራ፣ የአሜሪካኖች ሰፈር ጥበቃ ተመድበው ሳሉ ጨዋታውን ከአንድ አሜሪካዊ ሻለቃ ባሻ ለምደውታል። ኋላ ወደ ሐረር ተዛወሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን እዚሁ ቀሩ። ጎልፍ የት ሊጫወቱ! ግን ሐሳባቸው አላረጀም። ዘንድሮ የሚሠራው ዱላ ኳስ እንደ ጥይት ያስወነጭፋል እንጂ እጅን አያስተምርም ይላሉ። ሲበሽቅ ዱላውን የሚወረውረውን ዝነኛ ተጫዋች ደግሞ፣ «በእኛ ጊዜ ቢሆን ሜዳ አይረግጥም ነበር» እያሉ ይነቅፉታል። ዮሴፍም እየሳቀ ይከራከራቸዋል።

«ወላሂ፣ እኚህ ሰውዬ ባይኖሩ ይሄን ጎልፍህን ለግድግዳው ነበር የምታወራው» ይለዋል የስቱዲዮው ቴክኒሽያን ዓሊዪ።

በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ያራሰው የድንጋይ ደረጃ ሻምበልን አንሸራትቶ ጣላቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ አልገጥም ብሎ አልጋ ላይ አስቀራቸው። ከዚያ ሳል ተጨመረ። ልጃቸው ማርታ ሥራዋን ትታ ማገላበጡንም ማጉረሱንም ያዘችው። ስልኩን ግን አልተዉም፤ ድምፃቸው እየሰለለም ቢሆን ይደውላሉ።

ሐምሌ ላይ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ትልቁ ውድድር ተጀመረ። ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ መሪነቱን ያዘ። ዕድሜው ወደ ስልሳ ነው፤ ዳሌው ባለፈው ዓመት በብረት ተተክቷል። ዮሴፍ ይህን ባነበበ ጠዋት ሻምበል ወዲያው ደወሉ።

«እኩያዬ ነው እኮ!» አሉ። «ዳሌውም… ዳሌውም እንደኔው ነው!»

በማግስቱም እየመራ አደረ። እሑድ ጠዋት ሲደውሉ ድምፃቸው ተመልሶ ነበር። ማርታን ደግፊኝ ብለው መቀመጣቸውን፣ ገንፎም ጠይቀው መብላታቸውን ነገሩት። «ዛሬ ካሸነፈ ግድግዳ ይዤም ቢሆን እቆማለሁ፤ ሰምተኸኛል?» አሉት።

ሰኞ ጠዋት ዮሴፍ ወደ ሥራ ሲገባ ማርታ በሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ለካፊያው ነጠላዋን ተከናንባለች።

«አሸነፈ?» አለችው፤ ሰላምታም የላት።

ዮሴፍ ውጤቱን አይቶ ነበር የመጣው። ሽማግሌው መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ ድሉን በእጁ ይዞ ደርሶ፣ አንድ አጭር ምት ሳተ። በተጨመረው ጨዋታ እግሩም ልቡም ከዳውና ተሸነፈ።

«አላሸነፈም» አላት።

ማርታ ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲያው አሸነፈ በል።»

«ማርታ…»

«ሐረር ውስጥ ለጎልፍ ግድ ያለው ማን አለ? ማን ይጎዳል? ሐኪሙ እንኳ ትናንት አባቴ ሲበላ አይቶ ተገርሟል። አንዲት ቃል ናት እኮ የለመንኩህ!»

«ዜና ነው የማነበው። ዛሬ ለአባትሽ ብዬ ከዋሸሁ፣ ነገ የምናገረውን ማን ያምነኛል?»

ማርታ ትንሽ አየችውና ፊቷን አዙራ ሄደች።

ዮሴፍ ዜናውን እንዳለ አነበበው። ሻምበል ሲሰሙት እየታዩት የሽማግሌውን ሽንፈት በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ትንፋሹን ሳይመልስ ስልኩ ጮኸ፤ ዓሊዪም እንደ ልማዱ አየር ላይ አስገባው።

«ልጄ ዮሴፍ!» አሉ ሻምበል፤ ያለቅሳሉ። «እንኳን ደስ ያለን! ሬዲዮዬ ባትሪ ጨርሶ አንተን ሳልሰማህ ቀረሁ፤ ማርታ ናት ያበሰረችኝ። አላልኩህም? አሮጌ እጅ አይረሳም አላልኩህም?»

ዮሴፍ ገባው። ማርታ የሬዲዮውን ባትሪ አውጥታ ደብቃለች፤ ትራሳቸው ሥር ያለውን ስልክ ግን አላሰበችውም። ዓሊዪ በመስታወቱ ወዲያ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ «ልቁረጠው?» በሚል ዓይን ያየዋል። ዮሴፍ አትቁረጠው ብሎ በእጁ ከለከለው።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን፣ ሻምበል» አለ።

ከተማው ሳቀ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ «ተሸነፈ» ያለ ጋዜጠኛ አፍታ ሳይቆይ «እንኳን ደስ ያለን» ሲል። ከቀትር በኋላ፣ ቡና ቤት ውስጥ የሚደግፈው ቡድን የተሸነፈበትን ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሻምበል» ማለት ተጀመረ። የሬዲዮው ኃላፊ ዮሴፍን ጠርተው በማግስቱ ማስተካከያ እንዲያነብ አዘዙት፤ ጎልፍ የሚባል ነገርም ከዚያ ወዲያ እንዳይነሣ አሉ።

ረቡዕ ዕለት ተስፋዬ የሚባል የእድራቸው ሰው ሙዝ ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ሊያሥቃቸው ፈልጎ፣ «ሻምበል፣ በከተማው ሁሉ ዝነኛ ሆነዋል እኮ!» ብሎ ጀመረና ሁሉንም አወራላቸው። እየሣቀ ሳለ ፊታቸውን አየ፤ ሣቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ሻምበል ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እውነት ነው?»

ማርታ ሙዙን እንደያዘች ቀረች።

«ስልኩን ውሰጅልኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ውሃ ስትሰጣቸው ይጠጣሉ እንጂ አላናገሯትም። እግራቸው ሥር ተደፍታ ለመነቻቸው። የንስሐ አባታቸው ሊያስታርቋቸው ቢመጡ፣ «ይቅር ብያታለሁ» አሉ ለቄሱ፤ ለሷ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ዐረፉ።

ዮሴፍ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ማርታ ሰው ሲቀልላት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ዓይኗ አባብጧል።

«ዜናህን ማንበብህ አይቆጨኝም» አለችው። «ያንተ ሥራ ነው። እኔም ያባቴ ልጅ ነኝና ዋሸሁ። ግን ሲደውል… ዮሴፍ፣ ያን ጊዜ ለምን እውነቱን አልነገርከውም?»

«ደስታቸውን ሰምቼ አልቻልኩም።»

«አባቴ መሸነፍ ያውቅ ነበር። አሥመራን ለቆ ወጥቷል፣ ሠራዊቱ ሲበተን አይቷል። መሳቂያ መሆንን ነው የማያውቀው።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እኔ ከቤት፣ አንተ ከሬዲዮ፣ ሁለታችን አዝነንለት ነው ያደረግነው።»

ማዶ ላይ ተስፋዬ ከማንም በላይ እያለቀሰ ለለቅሶተኛው ውሃ ያድላል፤ ወደነሱ ግን አልቀረበም። ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ መደብደብ ጀመረ። ማርታን አዲስ የመጡ ሴቶች ጠሯትና ተነሥታ ሄደች፤ ዮሴፍ ግን መሄድ እያለበት፣ ሰዉ ተራ በተራ «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ቆየ።